ላጠው ወይስ ላጨው

ሊቁ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ያላነበበው ወረቀት የለም ይባላል፤ ስሙንም ያወጡለት ቤተሰቦቹ ናቸው፣ ግማሹን በአድናቆት ግማሹን በቧልት። ጋጋሪው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ነገር የሚገባው እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው። ሁለቱ ያገቡት እህትማማቾችን ነው። አማታቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደሉበትን ሞተር ሳይክል ትናንት ሊቁ ግቢ አቁመው ሄደዋል።

[ከምሳ በኋላ፣ የሊቁ ግቢ። ሞተሩ ጎማዎቹ ወልቀው በሁለት ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ጎማ የሚጠልቅባቸው ሁለቱ ብረቶች፣ ቸርኬዎቹ፣ መሬት ላይ ናቸው፤ ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ጭቃ የጠገቡ። ሊቁ ጓንት አጥልቋል። ጋጋሪው እጀታውን ሰብስቦ በባልዲ ውሃ ፊት አጭር ወንበር ላይ ተቀምጧል።]

ሊቁ፦ ጨርሰናል። ቸርኬ አይላጭም፣ ይላጣል። የሚላጨው ጢም ነው።

ጋጋሪው፦ እሱማ ገብቶኛል ጋሼ። አባባ ግን በስልክ «ላጨው» ነው ያሉት።

ሊቁ፦ «ላጠው» ማለታቸው ነው። በስልክ ጠ እና ጨ አይለዩም። ጥርስ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ።

ጋጋሪው፦ የአባባ ጥርስ እኮ ሙሉ ነው። ባለፈው እሁድ አጥንት ሲቆረጥሙ ድመቷ ተስፋ ቆርጣ ነው የወጣችው።

ሊቁ፦ ስልኩ ጥርስ የለውም እያልኩህ ነው።

ጋጋሪው፦ [ስልኩን በዓይኑ ፈልጎ አየውና] አሃ።

ሊቁ፦ ደግሞ የት ሆነው እንዳነሱት አትርሳ።

ጋጋሪው፦ ጸጉር ቤት፣ ወንበሩ ላይ። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ለዚህ እኮ ነው ግራ የገባኝ። አንዴ ለኛ፣ አንዴ ለጸጉር አስተካካዩ ነው ያወሩት።

ሊቁ፦ ግራ የሚገባው መለየት የማይችል ነው። እስቲ ከመጀመሪያው አንሳው። ምን ብዬ ጠየቅኋቸው?

ጋጋሪው፦ «አባባ፣ የቸርኬውን ቀለም ምን እናድርገው?» አልካቸው።

ሊቁ፦ እሳቸውስ?

ጋጋሪው፦ [በጣቶቹ እየቆጠረ] አንድ፣ «ፊቱን ሙልጭ አድርገህ ላጨው»። ሁለት፣ «ቀለሙን እንዳትነካው»። ሦስት፣ «በውሃ ብቻ እጠበው»። አራት፣ «ጆሮውን ተጠንቀቅ»። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሊቁ፦ አራት ትእዛዝ፣ ሁለት አድማጭ። አንደኛው የኛ ነው። «ፊቱን» ያሉት የፊተኛውን ቸርኬ ነው።

ጋጋሪው፦ እኔ የሳቸው ፊት መስሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ የራሳቸው ቢሆን «ፊቴን» አይሉም?

ጋጋሪው፦ [ቆም ብሎ] ይላሉ።

ሊቁ፦ ሁለተኛው የጸጉር አስተካካዩ ነው። ዛሬ ጸጉር ቤት የገባ ሽማግሌ ሁሉ ሳይጠየቅ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይወጣል። አባባ ደግሞ ኩሩ ናቸው፣ ሽበታቸውን አይደብቁም። ስለዚህ «ቀለሙን እንዳትነካው»።

ጋጋሪው፦ አናታቸው ላይ እኮ አንድ ጸጉር የለም።

ሊቁ፦ ጢም አላቸው።

ጋጋሪው፦ ጢማቸው ከተላጨ በኋላ ምኑን ይቀባዋል?

ሊቁ፦ ተላጨ ያለህ ማነው? ላጨው የተባለው ቸርኬው ነው አላልኩህም?

ጋጋሪው፦ [ራሱን እያከከ] ለካ እሱም አለ። ዞሮብኝ ነው።

ሊቁ፦ ሦስተኛው፣ «በውሃ ብቻ እጠበው»፣ ያው ጢሙን ነው። ሳሙና ቆዳቸውን ያሳክከዋል። አራተኛው ወደኛ ይመለሳል። ከሞተር ላይ ግራና ቀኝ ወጣ ብሎ የቆመው ምንድን ነው?

ጋጋሪው፦ መስተዋት።

ሊቁ፦ ጆሮ ማለት እሱ ነው። ቅድም ሁለቱንም ፈትቼ በፎጣ የጠቀለልኳቸው ለምን መሰለህ?

ጋጋሪው፦ እኔ እኮ ብርድ እንዳይመታቸው መስሎኝ ነበር።

[ሊቁ ወደ ሰማይ ያያል።]

ሊቁ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፉን ይዘው ይመጣሉ። ትናንት ምን እንዳሉ ታውቃለህ። ሞተሩ የአንዳችን ነው፤ የማን እንደሚሆን ደግሞ በእጃችን ሥራ አይተው ይወስናሉ።

ጋጋሪው፦ እሱን አልረሳሁም። ጠዋት ጠዋት ስድስት ሱቅ በጆንያ ተሸክሜ ነው የማዳርሰው። መጨረሻው ሱቅ ስደርስ ዳቦው በርዶ፣ የምሞቀው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጀርባዬን እያሸች፣ «ይህን ሞተር ካላገኘህ ዳቦው አንተን መሸከም ይጀምራል» ትለኛለች።

ሊቁ፦ እኔም ያስፈልገኛል።

ጋጋሪው፦ ቢሮህ እኮ ከዚህ ይታያል ጋሼ።

ሊቁ፦ ስለሚታይ ነው የሚያስፈልገኝ። ወጥቼ እስክገባ ሰው ያየኛል። የተከበረ ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ፣ የተማረው ምን ጠቀመው ይባላል። አሁን ማስለቀቂያውን አቀብለኝ።

ጋጋሪው፦ ማንን ነው የምናስለቅቀው?

ሊቁ፦ ቀለሙን። ሲቀባ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ይህ ደግሞ ያስለቅቀዋል።

ጋጋሪው፦ [ጣሳውን እያቀበለ] ይቅር በለን ቀለም። ጋሼ፣ ሳፋ ውስጥ ነው የምትገለብጠው? ፕላስቲክ እኮ ነው።

ሊቁ፦ ጣሳው ላይ ምን ተጽፏል?

ጋጋሪው፦ [በጣቱ እየተከተለ] ለ... ብ... ረ... ት... ብ... ቻ።

ሊቁ፦ ለብረት ብቻ። እንግዲህ ፕላስቲክ አይነካም ማለት ነው። ማንበብና መረዳት ሁለት ናቸው ወንድሜ።

[ሊቁ ፈሳሹን ሳፋው ውስጥ አፍስሶ የፊተኛውን ቸርኬ በብሩሽ ይቀባል። ትልቋ እህት፣ የሊቁ ሚስት፣ በመስኮት ብቅ ብላ ሳፋዋን የት እንዳደረሰው ትጠይቃለች። ሥራ ላይ ነው ይላታል።]

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ሳፋው አላበው።

ሊቁ፦ ሙቀት ነው።

ጋጋሪው፦ አሁን ደግሞ ተቀመጠ።

[የሳፋው ሥር እንደ ቅቤ ላልቶ መሬቱ ላይ ይለጠፋል። ሊቁ ቸርኬውን በችኮላ ያነሳል። ሁለቱ ከሳፋ የቀረውን ክብ ለጥቂት ጊዜ ያያሉ።]

ሊቁ፦ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር።

ጋጋሪው፦ ዛሬ ጠዋት እቴቴ ልብስ አጥባበታለች።

ሊቁ፦ ለዚያ ነው የተሰነጠቀው። ወደ ሥራህ። አንተ የኋላውን ለምን አልቀባህም?

ጋጋሪው፦ እያጠብኩት ነው።

ሊቁ፦ እጠበው የተባለው ጸጉር አስተካካዩ ነው አላልኩህም?

ጋጋሪው፦ ብለኸኛል። ግን «እጠበው» ለኛ ከሆነ ታዝዣለሁ፣ ለእሱ ከሆነም ማንንም አልጎዳሁም ብዬ ነው። ትሪ እንኳ ሳላጥብ ሊጥ አላስቀምጥም፣ ለምጄ ነው።

ሊቁ፦ በዚህ አያያዝህ አባባ ሲደርሱ ጭቃ ይዘህ ትጠብቃቸዋለህ።

ጋጋሪው፦ ውሃው ሦስት ጊዜ ጠቁሯል። አራተኛው ትንሽ ነጣ ብሏል።

[ሃያ ደቂቃ ያልፋል። በፊተኛው ቸርኬ ላይ ቀለሙ ያብጣል።]

ጋጋሪው፦ [ጎንበስ ብሎ] ኩፍ አለልህ።

ሊቁ፦ ኩፍ የሚለው ሊጥ ነው። ቀለም ይነሳል ነው የሚባለው። አሁን በመፋቂያው ከላይ እስከ ታች እየገፋሁ አወርደዋለሁ፣ እንዲህ። አየህ? እንደ ሙዝ ልጣጭ።

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ ቆይ። ቀዩ ላይ ነጭ ነገር አለ። ደ ትመስላለች።

ሊቁ፦ የወፍ ኩስ ነው።

ጋጋሪው፦ እግር ያላት ኩስ ናት። ከጎኗ ደግሞ ሌላ አለች።

ሊቁ፦ ሁለት ወፍ ነበሩ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ፊደልና የወፍ ኩስ የማልለይ ይመስልሃል? አንተ ባለፈው ዓመት ፊደል ስለ ቆጠርክ ግድግዳው ሁሉ እየጻፈልህ ነው።

ጋጋሪው፦ [አፍሮ] ልክ ነው። ሰሞኑን ዳመናም አነባለሁ።

[ሊቁ ነጩን ይፍቀዋል። ቀለሙ ሁሉ እየተላጠ ይወርዳል፣ ከሥሩ ደብዛዛ ብረት ይወጣል። ሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት፣ ብረት ማለስለሻውን፣ ይዘረጋል።]

ሊቁ፦ አሁን ማለስለስ ነው። ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፏል። በትልቁ ቁጥር ይጀመራል፣ ሻካራው እሱ ነው። በሰማንያው ይጨረሳል።

ጋጋሪው፦ በወንፊት እንኳ እንዲህ አይደለም።

ሊቁ፦ ወንፊት ምን አመጣው?

ጋጋሪው፦ የዱቄት ወንፊታችን ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይደቅቃል፣ ዱቄቱም ይልማል። ይኸውም ያው አይደለም ወይ? እስቲ በጉንጭህ ሞክረው።

[ሊቁ ሰማንያውን ጉንጩ ላይ ይሞክራል። ይዘገንነዋል። ወረቀቶቹን ገልብጦ በሌላ ተርታ ይደረድራል።]

ሊቁ፦ ልፈትንህ ነበር።

ጋጋሪው፦ አለፍኩ?

ሊቁ፦ ለጥቂት። ውሃ አምጣ፣ ደቃቁ በውሃ ነው የሚኬድበት።

[ሊቁ ይፈትጋል። ከሰማንያው ወደ አራት መቶው፣ ከዚያ ወደ ሺው። መጨረሻ ላይ የማንጸባረቂያ ቅባት በጨርቅ ይዞ ያሻል። ጨርቁ እንደ ከሰል ይጠቁራል።]

ጋጋሪው፦ ጨርቁ ጠቆረ።

ሊቁ፦ ብረቱ እድፉን ለጨርቁ ሲሰጥ እሱ ይነጣል። [ቀና ብሎ ቸርኬውን ያቆመዋል፤ ፀሐይ ይዞ ያብረቀርቃል] በል ና፣ ምን ይታይሃል?

ጋጋሪው፦ [ጎንበስ ብሎ] እኔ። አፍንጫዬ ግን ሰፍቷል።

ሊቁ፦ አፍንጫህ ድሮም ሰፊ ነው፤ እውነቱን የሚነግርህ መስተዋት አጥተህ ነው። አባባ ይህን ሲያዩ ቁልፉን ከኪሳቸው ለማውጣት እንኳ ጊዜ አይወስዱም። የአንተስ?

ጋጋሪው፦ ጭቃው አልቋል። ቀዩ ያው ቀይ ነው። ጋሼ፣ እዚህም ወፍ ነበረች።

ሊቁ፦ ተዋት።

ጋጋሪው፦ ይቺኛዋ ግን ትነበባለች። ደ... ህ... ና... ግ... ባ።

[ሊቁ ጨርቁን እንደያዘ ይመጣል። ጎንበስ ይላል። መነጽሩን አውልቆ ያጠራውና መልሶ ያደርጋል።]

ሊቁ፦ ደህና ግባ።

ጋጋሪው፦ የእማማ ጽሕፈት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ደ ሲጽፉ እንደ ወንበር ነው። «ደቃቅ ጨው» ብለው የጻፉባት ቆርቆሮ እኛ ቤት አለች፣ ባለቤቴ ጨው ቢያልቅም አትጥላትም።

ሊቁ፦ ቀዩን ቀለም እንግዲህ...

ጋጋሪው፦ እሳቸው ናቸው የቀቡት።

[ስልክ ይጮኻል። ሊቁ ጓንቱን ያያል፣ በቅባት ተጨማልቋል። ስልኩን እንዲያነሳለት በአገጩ ያመለክታል።]

ጋጋሪው፦ [ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ] አቤት አባባ... ደህና ነን... እንዴት አልላጨዎትም?... አጥቦ ብቻ?... አሃ... አይ፣ እዚህ እንኳ ተላጭቷል... አዎ፣ ሙልጭ ብሎ... የፊቱን ጋሼ፣ የኋላውን እኔ ነኝ የያዝኩት... አዎ፣ «ደህና ግባ» ይላል... እሺ... እሺ አባባ። [ስልኩን ያስቀምጣል።]

ሊቁ፦ ምን አሉ?

ጋጋሪው፦ ጸጉር አስተካካዩ አልላጫቸውም። ጢማቸውን በውሃ ብቻ አጥቦ፣ አበጥሮ ሸኝቷቸዋል። ለምን ቢሉት፣ «ላጨው ያሉት በስልክ ላሉት ሰዎች መስሎኝ» አላቸው።

ሊቁ፦ [ጭኑን መታ አድርጎ] ይኸው። ተያይተን የማናውቅ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ተረዳን። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ጋጋሪው፦ እኔም እሱን ልላቸው ነበር፣ ቀድመው ጠየቁኝ እንጂ።

ሊቁ፦ ምን ብለው?

ጋጋሪው፦ «ቀለሙን እንዳትነካው ያልኩትን ሰምታችኋል?» ብለው።

[ሊቁ ጥግ ካለ ባዶ ሣጥን ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ሊቁ፦ እሱ ለጸጉር አስተካካዩ አልነበረም?

ጋጋሪው፦ የሱ «ላጨው» እና «ጆሮውን ተጠንቀቅ» ነበር። የኛ «ቀለሙን እንዳትነካው» እና «በውሃ ብቻ እጠበው»። እሱ የኛን ሠራ፣ አንተ የሱን ሠራህ።

ሊቁ፦ አንተ ቅድም ይህንኑ ብለህ ነበር።

ጋጋሪው፦ ብዬ ነበር። በኋላ ግን «ፊቴን አይሉም ወይ» ስትለኝ አሳመንከኝ። እስካሁንም ትክክል ይመስለኛል።

ሊቁ፦ የፊቱ ላይ የነበረው ምን ይላል አሉ?

ጋጋሪው፦ «ደህና ዋል»። ጠዋት ሲወጡ እንዲያዩት ከፊት፣ ማታ ሲመለሱ ደግሞ «ደህና ግባ» ከኋላ። ጭቃው ከሸፈነው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዓይናቸው ስለደከመ ራሳቸው ሊያጥቡት አልቻሉም። ሳይነግሩን የተዉትም፣ ቀስ ብሎ አጥቦ የሚያገኘው ማን እንደሆነ ለማየት ነው።

ሊቁ፦ የወፍ ኩስ አልኩት።

ጋጋሪው፦ ሁለት ወፍ።

[ሊቁ ጓንቱን ያወልቃል። መሬት ላይ ከተከመረው የቀለም ልጣጭ ነጭ ያለበትን ይፈልጋል። ያገኛትን ቁራጭ መዳፉ ላይ አድርጎ ያያታል፤ ግማሽ ደ ናት።]

ሊቁ፦ በራፉን የቀባንበት ቀይ ቀለም ተርፏል። መልሰን ብንቀባው፣ አንተም «ደህና ዋል» ብለህ ብትጽፍበት?

ጋጋሪው፦ መጻፉን እጽፈው ነበር። የሳቸውን እጅ ግን ከየት አመጣዋለሁ?

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እሺ፣ ሁለቱንም አብረን ነው የሠራነው ብንል? የኔ ጥፋትና ያንተ ሥራ ቢደባለቁ መሃል ላይ እንገናኛለን።

ጋጋሪው፦ እንበል። እኔ ግድ የለኝም።

ሊቁ፦ እውነትህን ነው?

ጋጋሪው፦ እውነቴን ነው። ግን ማን የቱን እንደያዘ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ስትሰማኝ እኮ ነበር።

[በሩ ይንኳኳል። ጋጋሪው ይከፍታል። አማታቸው ይገባሉ፤ ነጭ ጢማቸው ታጥቦና ተበጥሮ እንደ ተባዘተ ጥጥ ደረታቸው ላይ ተነስቷል። ሊቁ ከሣጥኑ ላይ ይነሳል።]

ሊቁ፦ አባባ፣ የፊቱን ቀለም የላጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ጽሑፍ ነው ብሎኝ ነበር። የማነበው እኔ ነኝ ብዬ አልሰማሁትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

[አማታቸው ትከሻውን መታ ያደርጉታል። ወደ ኋለኛው ቸርኬ ሄደው ጎንበስ ይላሉ፤ ጽሑፉን በጣታቸው ጫፍ ከደ እስከ ባ ይከተሉታል። ቀና ሲሉ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በጋጋሪው እርጥብ መዳፍ ላይ ያስቀምጣሉ።]

ጋጋሪው፦ [ቁልፉን እያገላበጠ] ለጋሼ ላቀብለው ነው?

ሊቁ፦ ያንተ ነው፣ አንተ ሞኝ። ያንተ ነው።

ጋጋሪው፦ የኔ? [ወንበሩ መስሎት ውሃ የሞላው ባልዲ ላይ ይቀመጣል] ዳቦው ሊሞቅ ነው በለኛ።

[አማታቸው ወደ ፊተኛው ቸርኬ ዞረዋል። ፊታቸውን ያዩበታል። ጢማቸውን በግራ ያያሉ፣ በቀኝ ያያሉ። ከዚያ አጭሩን ወንበር ስበው ከፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፣ መስተዋቶቹ የተጠቀለሉበትን ፎጣ ፈትተው አንገታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከደረት ኪሳቸውም ምላጭ አውጥተው ለሊቁ ይዘረጉለታል።]

ሊቁ፦ እኔ? አባባ፣ እኔ እኮ ጢም ላጭቼ አላውቅም። ስለ መላጨት ያነበብኩትም ነገር የለም።

[አማታቸው አገጫቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሊቁ ምላጩን ይቀበላል። ጋጋሪው ከባልዲው ተነስቶ፣ ሱሪው እየተንጠባጠበ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሊቁ ጆሮ ይጠጋል።]

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ «ፊቱን ሙልጭ አድርገህ ላጨው» አሁን ላንተ ሆነልህ። አራተኛዋን ግን እንዳትረሳት። ጆሮውን ተጠንቀቅ፣ ይህኛው አይፈታም።